የአባባ ዘጠና ስድስት

ለውድ ወንድምዓለሜ ለሁክማራም፣

ሰላምታዬ በጎተራችን ካለው ማሽላ ይብዛልህ። እንዴት ነህ? የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? እኛ ከአባባ ደረት በቀር ደህና ነን።

የላክህልን ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደርሶናል። ሐኪሙ «ቁጭ ብለው ብቻ ሳይሆን ሲራመዱ፣ ሲታጠቡ፣ ጥምጥም ሲጠመጥሙም ይለኩና ይጻፉ፤ ከሰማንያ ስምንት ከወረደ ዐርፈው ወዲያው ይምጡ» ብሏቸው ነበር። አባባም ሠላሳ ዓመት ድንጋይ በፈለጡበት እጃቸው በየቀኑ ይጽፋሉ፤ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አምስት፣ ደግሞ ዘጠና ስድስት። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። ከውኃ ጉድጓዱ እስከ ደጃፋችን ሦስት ጊዜ የሚያርፍ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው እንዴት ዘጠና ስድስት ይሆናል? መጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠርኩ፤ በራሴ ጣት ብሞክረው ደህና ነው። ቀጥዬ ጎረቤታችንን እትዬ ጎምቲን ጠረጠርኩ። ጠዋት ጠዋት አሬራ ይዘው ይመጣሉ፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ እኔ ብቅ ስል ወሬው ጸጥ። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸውና፣ ምን ልደብቅህ፣ ያላሰብኩት የለም።

ማክሰኞ ዕለት ጫማዬን አውልቄ ድምፅ ሳላሰማ ገባሁ። መለኪያው እትዬ ጎምቲ ጣት ላይ ነው፤ አባባ መነጽራቸውን ሰክተው ይጽፋሉ! «ይሄ የማን ሳንባ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ጎምቲ ምንም ሳያፍሩ «የኔ ነዋ! አባትሽ ተውሰውኝ ነው» አሉ። አባባ ግን አልሳቁም። «ቁጥሩ ከወረደ ሁክማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። እዚህ ከድንጋይ ፈለጣ ሌላ ምን አለ? እኔን የበላኝ አቧራ እሱንም ይብላው?» አሉኝ።

እየተቆጣሁም እያለቀስኩም፣ ከጉድጓዱ ሲመለሱ ለካኋቸው፤ ሰማንያ አንድ። በዚያው ቀን በትራክተር ጭነን ክሊኒክ ወሰድናቸው። አሁን የኦክስጅን ማሽን አላቸው፤ ትናንት ቱቦውን እንዳደረጉ ግቢ ውስጥ ተንጎራደው ስለካቸው ዘጠና ሆነ። የምለካቸው እኔ ነኝ፤ የማንም ጣት አይጠጋም።

አሁን ደግሞ አንተን ልጠይቅህ። የመጋዘን ጠባቂ ነኝ ብለህ ጽፈህልን ነበር። ከሙስካት ለዕረፍት የመጣው ኬምራጅ ግን «ሁክማ እኮ ከኔ ጋር እብነ በረድ ይቆርጣል» ብሎ አመለጠው። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለአባባ ትንፍሽ አላልኩም። የእሳቸው ልጅ ነህና ቃልህን አላምንም። ደረትህን ራጅ ተነሣና ላክልኝ፤ ያንተው ስም የተጻፈበት ይሁን።

ባለቤትህ ካንታ ሰላም ትልሃለች። እትዬ ጎምቲም እንዲሁ። አባባ «ልጄን ጥላ ሥር የሚያውልልኝ አምላክ ይመስገን» እያሉ ይመርቁሃል።

እህትህ ኬሳር
ባንሲፑራ መንደር፣ ራጃስታን
ጃንዋሪ 19 ቀን 2019