አባባ ያዘለው እንስራ

ይድረስ ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ፤ አስመራ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ አምሳልስ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በቁማችን አለን። ሰላምታዬ እንደ ወጉ ነው፤ ዋሴ ይህን ወረቀት የሚሰጥህ መርዶውን አጠገብህ ተቀምጦ ከነገረህ በኋላ ነውና። እማማ መርዶ በወረቀት አይላክም ስላለች፣ ወደ አስመራ የሚወጣ የሀገር ሰው እስኪገኝ ቆየን። አባባ በገና ማግስት፣ ምንም ሳይታመም፣ እንደተኛ ቀረ። ከእንፍራንዝ ስደርስ ተገንዞ ነበር። ምነው ደነዘዝሽ ይሉኛል። እውነትም እንባ አልወጣኝም። ንፍሮ እቀቅላለሁ፤ ለቀስተኛ አስቀምጣለሁ፤ ያዘዙኝን አደርጋለሁ።

ልቅሶው ሸጋ ነበር። ጠብመንጃውንና ካባውን አውጥተን ዳሱ መካከል አቆምን። አልቃሿ ሸዋገነት ከማክሰኝት መጥታ በጣሊያን ጊዜ የዋለበትን ሜዳ ሁሉ አነሳችለት። የአባባ ታናሽ ወንድም አያ አድማሴም ይፎክር ነበር። ይኼኔ እማማ በምርኩዟ ብድግ ብላ፣ እግሬ ከተሰበረ ወዲህ ከቀሃ ወንዝ እንስራ አዝሎ ውኃ የቀዳልኝ እሱ ነው፣ የልጅ ልጁን ብርነሽንም በጋቢው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው፣ ይህንንም በይለት አለቻት።

ወንድ እንስራ አዘለ ማለት እዚህ ስድብ እንደሆነ መቼም አልረሳህም። እኔ ራሴ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ስጠይቀው የጎረቤት ልጅ ትቀዳልናለች ይለኝ ነበር። ለካ ሰው ሳይነሳ ወርዶ የሚመለሰው እሱ ኖሯል። ሸዋገነት ደረቷን ብቻ መታች። አያ አድማሴ ጥሎ ወጣ።

አሁን ወንድሜን በሞቱ ቀሚስ አለበሰችው እያለ በየቤቱ ያወራል። በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀችኝ ተዝካሩን አልረግጥም ብሏል። እማማ ደግሞ አሻፈረኝ አለች። ጠላት የመጣ ጊዜ አገር ሁሉ ተኩሷል፣ ውኃ የቀዳልኝ ግን እሱ ብቻ ነው ትላለች። ተዝካሩ ጾም ሳይገባ ነው። ወንድሙ የቀረበት ተዝካር ምን ሊባል ነው ብዬ፣ እማማን በይቅርታ አግባባልኝ ልልህ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ውኃ አለቀና እንስራውን ይዤ ቀሃ ወረድኩ። ሞልቼ ሳዝለው ገመዱ ሰፋኝና እንስራው ወገቤ ድረስ ወረደ። አባባ በራሱ ትከሻ ልክ ቋጥሮታል። ፈትቼ በልኬ ላስረው ብል እጄ እምቢ አለኝ። እንስራውን አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ፤ ቀሚሴ በውኃ ራሰ። ያኔ አለቀስኩ፣ ወንድሜ፤ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እንግዲህ እማማን ይቅርታ ጠይቂ አልላትም።

ለተዝካሩ ድረስ። የአባባን ትከሻ የወረስከው አንተ ነህ። ገመዱን ሳልፈታ አስቀምጬልሃለሁ።

እማማ ወለተሩፋኤል አንገትህን ስማሃለች። ብርነሽ ጉልበትህን ትስማለች። አያ አድማሴ አኩርፏልና ሰላምታውን እኔው ጽፌልሃለሁ። አምሳልን ሳምልኝ፣ አይዞሽ በልልኝ።

እህትህ ካሰች ወልደኢየሱስ
ጎንደር፣ ጥር 19 ቀን 1949 ዓ.ም.