ፓስፖርቴን ትቼ የወጣሁበት እሳት

ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሮም

የአሠሪዬን እናት፣ አሮጊቷን ሲኞራ ይዤ የሮምን ሙቀት ሸሽተን ተራራው ላይ ወዳለው ቤታቸው ከወጣን ሳምንታችን ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ዞረና የጫካው እሳት ወደ እኛ መጣ። ጭሱ ግቢውን ሲሞላው፣ መራመድ ስለማይችሉ ሲኞራን አዝዬ ሮጥኩ።

«ፓስፖርትሽስ?» አሉኝ ጀርባዬ ላይ እያሳሉ።

«ይቅር! እርስዎ ብቻ አጥብቀው ይያዙኝ!»

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ላይ አገኙን። አሠሪዬም መጥቶ ወደ ሮም መለሰን። ቤቱ ተቃጥሏል፤ ፓስፖርቴና የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም አብረው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ነገ ኤምባሲያችሁ ሄደሽ ሌላ ታወጪያለሽ» አለኝ፣ ቀላል ነገር መስሎት።

ደርግ ወንድሜን ካሰረው ወዲህ በኤምባሲው በር አልፌ አላውቅም። የታሰረው ወንድሜም የሚጠራበትን የአባቴን ስም ሲጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ?