ማሽን ፊት ጭምት የሚሆን ልብ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከጸጉር ቤቱ

እታለሜ፣ እንደምን ሰነብተሻል?

ለማንም እንዳትነግሪብኝ እንጂ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ደረጃ ላይ ጥበቃ ያዘኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ልቤ ጸጉር ቤቱ ውስጥ እንደ እንቁራሪት ሲዘል ይውልና የልብ መመርመሪያ ማሽን ላይ ሲያስተኙኝ አማቶቹ ፊት እንደቀረበ ሙሽራ ጭምት ይላል። እስቲ ላነቃው ብዬ፣ የሥራ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ፣ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል እሮጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ማንን ነው የሚያሳድዱት?» አለኝ ጥበቃው ክንዴን ጨምድዶ።

«ልቤን!»

ማሽኑም ፈጣን ምት እንጂ ሌላ አላገኘም። የመረመረችኝ ዶክተር «ሮጠው ነዋ!» ብላ አረፈችው።

እስቲ አንቺ ፍረጂኝ። የመጀመሪያው ሐኪም «ምቱ ይዛባል፤ ይህን ኪኒን ዕድሜ ልክዎን ይዋጡ» አለኝ። ሌላው «ማነው ይሄን ያዘዘልዎ?» ብሎ ኪኒኑን አስቆመኝ። ቀጥላ የመጣችው ግማሹን መለሰችልኝ። ከእሷ በኋላ ያየኝ ደግሞ «ጭንቀት ነው፤ ወሬ ይቀንሱ» አይለኝም? ጸጉር አስተካካይን ወሬ ቀንስ! «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያለው ሰው እኔን ቢያይ ቃሉን ይመልስ ነበር።

ያቺኑ «ሮጠው ነዋ» ያለችኝን ዶክተር፣ «በእኛ ሙያ የጀመረ እጅ ነው የሚጨርሰው፤ ግማሽ ራስ ለሌላ ማሳለፍ ነውር ነው» ብላት ሳቀች። «እኔም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሬያለሁ፣ አባት» አለችኝ።

የሚያንገበግበኝ ግን ምላጩ ነው። ጡረተኛውን ዳኛ ታውቂያቸዋለሽ፤ ጉንጫቸውን ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጡም። በቀደም ምላጩ ጉሮሯቸው ሥር ሳለ ልቤ አንድ ምት ዘለለና ይንፈራገጥ ጀመር፤ ዓይኔ ጭልም አለ። እጄን አንሥቼ ወንበሩን ተደገፍኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረቤታቸውን ያሙ ነበር፤ አላወቁም። የቀረውን ጉንጭ ለባልደረባዬ ሰጠሁ፤ እኔው ነውር ያልኩትን! «ምነው፣ ሰለቸሁህ?» ብለው ተቀይመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መቀስ እንጂ ምላጭ አልያዝኩም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ አዲስ ሐኪም ትንሽ የልብ ምት መቅረጫ ደረቴ ላይ ለጠፈልኝ። «እስከ ነገ እንዳያወልቁት። የዘወትር ሥራዎን ይሥሩ፤ ሲረብሽዎ ይህን ቁልፍ ይጫኑ» አለኝ። የዘወትር ሥራዬ የሰው ጉሮሮ ላይ መሆኑን አልነገርኩትም።

ይህን ስጽፍልሽ ዳኛው ገቡ። «ምንድን ነው፣ ኑዛዜ?» እያሉ ወንበሬ ላይ ጉብ አሉ። አረፋውን ቀባኋቸው። ምላጩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

አረፋው ፊታቸው ላይ ሊደርቅ ደረሰ።

«ታዲያ ምላጩን ለእሱ ስጠው» አሉ በመጨረሻ ወደ ባልደረባዬ እያዩ። «አንተ ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ እንዳትል። ወሬው ያንተ ነው።»

ቆሜ አወራኋቸው። መሐል ላይ ልቤ ዘለለ፤ ቁልፉን ጫን አደረግሁ፤ በመጨረሻ ማሽን ፊት ተያዘ! ታምሜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሥራውን ተውና እኔ ዘንድ ና» ላልሽኝ መልስ ስላልሰጠሁሽ አትቀየሚኝ። እጄ ገና አልወሰነም። መቅረጫውን ነገ የሚያነበው ደግሞ ሌላ ሐኪም ነው አሉ።

ጤናሽን አያጉድልብሽ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው። ምላጩ ወደ እጄ መመለስ አለመመለሱን ከዳኛውም በፊት የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ወሬኛው ወንድምሽ