ቀዩን ኪኒን የጠረጠርኩ ሰሞን

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.

ውድ ሲስተር ጀማነሽ፣

እንዴት ከርመዋል? ሲምረት ነኝ፤ በ1990 ቡልጋሪያ ሰፈር በነበሩበት ጤና ጣቢያ፣ የቲቢ መድኃኒቴን በየጠዋቱ ፊትዎ የምውጠው ለፍላፊዋ። «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ ከኪኒንሽ በዛ» ይሉኝ ነበር። ዛሬም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን ልናዘዝ።

ያ ሽፍታ ሰውነቴን ሲወርሰው፣ በምሠራበት ባምቢስ ሱቅ ውስጥ እጅጌዬን እየጎተትኩ ሳክ እውል ነበር። ጎረቤቴ ጀሚላ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። እኔ ግን በቃ፣ ከኪኒኖቹ አንዱ ነው አልኩ። የቱ? ሽንቴን የሚያቀላው ቀዩ ነዋ! ሽንት እንዲህ ያደረገ ቆዳ ይምራል? ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሱን ምላሴ ስር እየደበቅሁ ውጭ ስተፋው ሰነበትኩ። ማሳከኩ ግን ባሰ እንጂ አልተወኝም።

በአስረኛው ቀን መዝገብዎ ላይ እንዳቀረቀሩ «ሽንትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ተመስገን፣ ጠርቷል!» አልኩ። ወይ ጅልነት! ቀዩን የዋጠ ሰው ሽንቱ ከየት ይጠራል? ቀና ብለው አዩኝ። ወንበርዎን ወደኔ ሳቡና «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። ሐኪሙ ጋ ወሰዱኝ፤ እሱም ኪኒኖቹን ሁሉ አስቆመኝ፤ ሽፍታው ሲጠፋ አንድ በአንድ አስጀመረኝ። ሁለታችን ክንዴ ላይ አፍጥጠን «የቱ ይሆን?» ስንል ትዝ ይልዎታል? ቀዩ ምንም አላደረገኝም። ጥፋተኛው ትልቁ ነጭ ኪኒን ነበር፤ እሱ ቀርቶልኝ ዳንኩ።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ሃይለአብ በዚያው በሽታ ታሞ፣ መድኃኒት ከጀመረ ሁለተኛ ወሩ ነው። ዘንድሮ አራቱም መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን ተጠቅልለዋል፤ ለይቶ መጠርጠር እንኳ የለም። ከሰሞኑ ሲያክ አያለሁ። ዛሬ ቁርስ ላይ እንደዋዛ «ሽንትህስ?» አልኩት።

«ጠርቷል ባክሽ፤ ማለቴ... ተሽሎኛል» አለ።

ክው አልኩ። ለካ እሱም ሲተፋው ሰንብቷል! ልጮህበት አፌን ስከፍት እርስዎ ትዝ አሉኝ። ወንበሬን ሳብኩና «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። አለቀሰ። ይሄን የምጽፍልዎት ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ነው።

ጥያቄዬ ይኼውልዎት፦ ያን ቀን ለምን አልተቆጡኝም? ብትሞትብኝስ ብለው ፈርተው ነበር?

ስሙ ተጠራ፤ ልነሳ። እስኪጨርስ ድረስ ክንዱን በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኝ።

ለፍላፊዋ ሲምረት