ፊቱን ሳላየው የቀናሁበት ልጅ

ሰኞ

ዛሬም ኪሩቤል! መምህርት ሳባ ትምህርቱን ሳትጀምር ስሙን ደጋግማ ጠራችው። "ኪሩቤል ባመጣው ሐሳብ…"፣ "ኪሩቤል እንዳለው…"፣ "ኪሩቤል አለህ?" እሱማ አለ፣ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! እኔም ነበርኩ። አለህ ወይ ያለኝ ግን የለም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል። ማኔጅመንት ነው የምማረው፣ በኦንላይን። ማታ ማታ ክፍል የምገባው ፒያሳ ከምሠራበት መነጽር ቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ በስልኬ ነው። የሱቁ ባለቤት ጋሽ መላኩ "ደንበኛ ሲገባ ብቻ ያንን ነገር ከጆሮህ ንቀል" ብለው ፈቅደውልኛል።

ትምህርት ሲጀመር መምህርት ሳባ እንዲህ አለች፦ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ክፍል መሃል ላይ ይበተናል፣ እባካችሁ አንድ ሰው ክፍሉን ያሰባስብልኝ። ሁሉም ፀጥ ሲል "እኔ" ያልኩት እኔ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፑን የከፈትኩት እኔ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ። በየጠዋቱ "እንደምን አደራችሁ ውድ የክፍል ጓደኞቼ" እያልኩ የአበባ ፎቶ የምለጥፈውም እኔ። መልሱ አንድ አውራ ጣት ነው። አንዳንዴ እሱም የለም። ካሜራ የሚከፍት የለም፣ ዳታ ይበላል። እኔም አልከፍትም። ስለዚህ የክፍሌ ልጆች ለእኔ ጥቁር መደብ ላይ የተጻፉ ስሞች ናቸው።

ከዚያ ኪሩቤል ዘግይቶ ተመዘገበ። አምስት ኪሎ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው። እንደገባ በድምፅ "ሰላም ናችሁ? ሰው አለ ወይስ መቃብር ቤት ነው የገባሁት?" ብሎ ላከ። ግሩፑ በሳቅ ሞላ። በሌላ ቀን ደግሞ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል "መምህርት፣ ሊንኩን አይዝጉብን፣ ትንሽ በረንዳ ላይ እንቀመጥ" አለ። አሁን ትምህርት ሲያልቅ ማንም አይወጣም። በረንዳ ይሉታል። ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ አለቃቸው፣ ስለ ፈተና ያወራሉ። እኔ ግሩፕ ከፈትኩ፣ እሱ ሰው አስገባበት።

ቀናሁ። የማነበው እኔው ነኝ፣ ምን አስፈራኝ? ቀናሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ጥንድ የሚባል ነገር አመጣ። እያንዳንዱን ተማሪ ከአንድ ሰው ጋር አጣመረ። ጥንድህ ከክፍል ከቀረ ትደውልለታለህ፣ ከታመመ ለሌሎቻችን ትናገራለህ፣ ለፈተና አብራችሁ ታጠናላችሁ። መምህርት ሳባ ሰምታ በደስታ ልትሞት ነው። ለራሱ በላይነሽ የምትባለውን ልጅ ወሰደ። ስሜን ፈልጌ ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድኩ። የለም። ቁጥራችን ጎደሎ ስለሆነ አንድ ሰው ይተርፋል። የተረፍኩት እኔ ነኝ።

ወዲያው ደወለልኝ። "ዳዊቴ፣ ቅር እንዳይልህ። አንተ እኮ የሁላችንም ነህ፣ ለዛ ነው" አለኝ።

የሁላችንም! የሰፈር ቦኖ ውሃ ነኝ እንዴ?

ድምፁ ራሱ ያናድዳል። ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሬዲዮ ላይ የሚሠራ የሚመስል። በሐሳቤ ረጅም አደረግኩት፣ ደረቱን ሰፊ፣ ጥርሱን ነጭ። ፕሮፋይሉ ላይ የለጠፈው አንበሳ ነው። ጉራ።

ከሥራ ስወጣ በእግሬ ዞር ዞር አልኩ። ድሮ እዚህ ፒያሳ ውስጥ ማኪያቶ አብሮኝ የሚጠጣ አላጣም ነበር። አሁን የሰፈር ልጆች ተበትነዋል፤ አንዱ አያት ነው፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱን ታክሲው የት እንደሚያወርደው እንኳ አላውቅም። ስንደዋወል "እንገናኝ እንጂ!" እንባባላለን። አንገናኝም። ስለዚህ ይሄ ግሩፕ ለእኔ ጨዋታ አይደለም። ሌላ ሰብሰብ ብዬ የምገባበት ቦታ የለኝም። እሱ ግን የትም ቢሄድ ሰው የሚከበው ዓይነት ነው። ምናለ የኔን ቢተውልኝ?

ረቡዕ

የባሰ መጣ። መምህርት ሳባ "እሑድ ማታ በድምፅ የክፍል ተጠሪ ምረጡ። እስካሁን ዳዊት በፈቃዱ ሲያግዘን ነበር፣ እናመሰግነዋለን" አለች። በቁሜ ሸኘችኝ።

የሚያሳስበኝ፦

ኪሩቤል ያሸንፋል።

የግሩፑን አድሚንነት ይወስዱብኛል።

መውሰዳቸውን ማንም ልብ አይልም። ይሄኛው ይብሳል።

ደስ ያለኝ ነገርም ነበር። የጠዋቱ ሰላምታዬ ላይ አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆነ። ከባንኮኒው ጀርባ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በኋላ ከፍቼ ሳይ መጀመሪያ ጣቱን ያሳረፈው ኪሩቤል ነው። ሌሎቹ እሱን አይተው ነው።

ጋሽ መላኩ "ምን ሆነሃል? ሌንሱ የወለቀበት ፍሬም መሰልክ እኮ" አሉኝ። ምንም አልኳቸው። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ፊቱን አይቼው በማላውቀው ሰው፣ ፊታቸውን አይቼ በማላውቃቸው ሰዎች የተነሳ ቀናሁ ልበላቸው? ከሥራ ያስወጡኛል።

ሐሙስ

የበላይነሽ አባት አረፉ።

ልጅቷን አላውቃትም። ድምጿን አንድ ሁለቴ ሰምቻለሁ፣ ቀጭንና ቶሎ የምታቆም ናት። ቤቷ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው፣ ከሱቃችን ቁልቁል ሲወረድ። መርዶውን የነገረችው ለጥንዷ ለኪሩቤል ነው። እኔ እንደማንም ከግሩፑ ነው የሰማሁት።

ቁጭ ብዬ የማጽናኛ መልእክት ጻፍኩ። ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። "በውድ አባትሽ ኅልፈት የተሰማንን መሪር ሐዘን…" እያልኩ ሳሳምር ኪሩቤል በአጭሩ ጽፎ ጨርሷል፦ "ቅዳሜ ለቅሶ እንደርሳለን። ስምንት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ተገናኝተን አንድ ላይ እንገባለን።" ሁሉም እሺ፣ እመጣለሁ፣ እንዳትተዉኝ እያሉ ተከታተሉ። የእኔ መሪር ሐዘን ከላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ ማንም አልነካውም።

አፈርኩ። የሰው አባት ሞቶ እኔ አውራ ጣት እቆጥራለሁ። አፈርኩ እንጂ መቁጠሬን አልተውኩም።

ዓርብ

ሳስበው፣ ለቅሶ የእኔ ሜዳ ነው። በድምፅ መልእክት ማሳቅ አልችልም፣ ለቅሶ መድረስ ግን አውቃለሁ። የእድራችንን ድንኳን ስተክል፣ አግዳሚ ስሸከም፣ ውሃ ሳስታጥብ ነው ያደግኩት። ምን እንደሚባል፣ ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚነሱ አውቃለሁ።

እቅዴ እንዲህ ነው። እነሱ በስምንት ሰዓት ይሰብሰቡ። እኔ ሰባት ላይ ብቻዬን እገባለሁ። ሲመጡ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጬ ያገኙኛል። በላይነሽም "ቀድሞ የደረሰልኝ ዳዊት ነው" ትላለች። እሑድ ደግሞ ምርጫ ነው።

ጋሽ መላኩን አስፈቀድኳቸው። "ዘመድህ ናት?" አሉኝ። የክፍሌ ልጅ ናት አልኳቸው። "በስልክ ያለው ክፍል?" ብለው ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ "ሂድ፣ ሂድ፣ ለቅሶ አይቀርም" አሉ።

ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ። በተራ በተራው ልጻፈው።

ሰባት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። እንደ ልማዱ ነጋዴውና ታክሲው መርገጫ አሳጥቷል። መንገድ ዳር ካልሲ የምትሸጥ ሴት "ለቅሶ ቤቱ በየት ነው?" ብላት በአገጯ ቁልቁል አሳየችኝ። ወረድኩ። ድንኳን አየሁ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ነው የሞተው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ፊት ለፊት ጥቁር የለበሰች፣ ዓይኗ ያበጠ ወጣት ሴት ተቀምጣለች። በላይነሽ አልኩ በልቤ። ሄጄ አቀፍኳትና "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ከኮሌጅ ነው የመጣሁት" አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ የምሬን ነው። ከጎኗ የነበሩት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሳህን አስያዙኝ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ።

"የእሷ የክፍል ጓደኛ ነኝ፣ አባቴ።"

"ጎበዝ። እማማም ተማሪ ሲያዩ ነፍሳቸው ነበር።"

እማማ? ቀና ብዬ ሰው ከልሎት የነበረውን ፎቶ አየሁት። ወፍራም መነጽር ያደረጉ አሮጊት ፈገግ ብለው ያዩኛል።

ድንኳን ተሳስቻለሁ። ሳህን ተቀብሎ መነሳት አይቻል። ልሙት ወይስ ልብላ እያልኩ ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ስልኬ ነዘረ። ኪሩቤል ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነሳሁት።

"ዳዊቴ፣ የት ደረስክ? ሁላችንም ድልድዩ ጋ ቆመናል። ተጠሪያችን ሳይመጣ አንገባም ብያቸዋለሁ። አትጨነቅ፣ ቀስ ብለህ ና።"

ተጠሪያችን! ትተውኝ ቢገቡ ይሻለኝ ነበር። እኔ እሱን ልቀድም ተደብቄ ስሮጥ እሱ ሰው በፀሐይ አቁሞ እኔን ይጠብቃል። ደግነቱን ራሱን ቀናሁበት።

ሳህኑን ጨርሼ ልጅቷን ተሰናበትኳት። እስከ ድንኳኑ አፍ ሸኘችኝ። "እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ከክፍላችን የሚመጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አለችኝ። እሷም የሆነ ቦታ ትማራለች ማለት ነው። ምናልባት እሷም የክፍሏን ልጆች መልክ አታውቅም። መሳሳቴን ሳልነግራት ወጣሁ።

ድልድዩ ጋ ተኮልኩለው ቆመዋል። ስማቸውን የማውቃቸው ሰዎች በየተራ ስማቸውን ነግረው ጨበጡኝ። አንዷን ኮስታራ አድርጌ ስዬያት ነበር፣ ጉንጯ ስርጉድ የሚል ሳቂታ ሆና አገኘኋት። ኪሩቤልን ግን አጣሁት። ሸበላውን፣ ደረተ ሰፊውን ስፈልግ ከሁሉም ኋላ አንድ አጭር ቀጭን ልጅ እጁን በግማሽ አነሳ። የእሱ የሆነው ድምፁ ብቻ ነው። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ "ለቅሶ ቤት ስገባ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። አንተ ቅደም" አለኝ።

ቀደምኩ። ትክክለኛው ድንኳን ከዚያኛው አንድ መታጠፊያ ነው የሚርቀው። አሁን መጀመሪያ ያየሁት ፎቶውን ነው፤ ሽማግሌ፣ ኮፍያ ያደረጉ። አንዲት ልጅ ከፊት ብድግ አለች። "ኪሩቤል!" ብላ እኔ ላይ ተጠመጠመች። "ያ ድምፅህ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ ኪሩቤል" እያለች ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አቋርጠው "አይደለሁም" አይሉትም። ደግሞ ልላት አልፈለግኩም። ዞር ስል ኪሩቤል ጫማውን ያያል። እሱም ምንም አላለም።

እንደዚያ አጥብቆ ያቀፈኝ ሰው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም። ያውም የሰው እቅፍ ነው።

እሑድ

በላይነሽ ጠዋት ግሩፑ ላይ ጻፈች። "ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኪሩቤል፣ አቅፈህ ያጽናናኸኝን መቼም አልረሳውም።" ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ። የታቀፍኩት እኔ፣ የተመሰገነው እሱ። በገዛ ትከሻዬ ቀናሁ።

ኪሩቤል ያስተካክላል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስልኬን አየሁ። ዝም። እኔም ዝም።

ማታ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት በረንዳ ላይ ነበርን። በላይነሽ ገባች፣ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። "ኪሩቤል አለህ?" አለች።

"አለሁ" አለ። ቀጠለና "በላይነሽ፣ ትናንት ያቀፍሽው ዳዊትን ነው። እኔ ከኋላ የቆምኩት አጭሩ ነኝ። ጠዋቱኑ ልነግርሽ ነበር፣ ግን ምስጋናው ጣፈጠኝ። ዳዊትን ስታቅፊው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቼ ነበር" አለ።

እኔ እዚህ ተደብቄ የምጽፈውን ቃል ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ተናገረው። እንዲያ መናገር በመቻሉም ቀናሁ፣ ምን ላድርግ!

በላይነሽ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። "ታዲያ ያ ረጅሙ ዳዊት ነው? ግሩፑን የከፈተው? ዳዊት፣ ሸሚዝህን አበላሸሁብህ አይደል?"

"ታጥቧል" አልኩ። አልታጠበም፣ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን ድንኳን ነገርም ዋጥኩት።

ድምፅ ተሰጠ። ኪሩቤል አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው። "ዳዊቴ፣ አድሚንነቱ ያው የአንተ ነው" አለኝ። እሺ አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

እኔ ሁለት ድምፅ አግኝቻለሁ። አንዱን የሰጠሁት ራሴ ነኝ፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። ሌላውን ማን ሰጠኝ? ምርጫው ስም አያሳይም። ኪሩቤል ከሆነ አልፈልገውም፣ መልሼ እወረውርለታለሁ። በላይነሽ ከሆነች… እንጃ። ሳቂታዋም ልትሆን ትችላለች። ሱቁን ከዘጋን ጀምሮ እያንዳንዳቸውን ትናንት ፀሐይ ላይ እንደቆሙ እያመጣሁ በየፊታቸው እጠይቃለሁ፦ አንተ ነህ? አንቺ ነሽ?