ከሥሩ ጋር ስለተፈጨው ቅጠል

ቀን፦ ማርች 11 ቀን 2024

ለወረዳው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ማልዋ፣ ህንድ

ጉዳዩ፦ እህቴ የጠጣችው የአሽዋጋንዳ ዱቄት ከረቡዕ በፊት እንዲመረመርልኝ ስለመለመን

ጌታዬ፣ ሱግና ባይ ዳንጊ እባላለሁ፣ የባርኬዲ መንደር ሰው ነኝ፣ የተማርኩት እስከ አራተኛ ስለሆነ ብሳሳት ይቅር ይበሉኝ።

1. የምሠራው ባንሲላል የሚባል ነጋዴ ወፍጮ ቤት ነው፣ ሰው ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚጠጣውን የአሽዋጋንዳ ተክል እናደርቃለን፣ እንፈጫለን። የሚፈጨው ሥሩ ነው፣ ቅጠሉ ይጣላል። ዘንድሮ ሥሩ አነሰና ባንሲላል ቅጠሉንም ጨምሩበት አለ። ዱቄቱ አረንጓዴ ሆነ ብዬ ባሳየው «አንቺ ነሽ የምትጠጪው? ዝም ብለሽ ፍጪ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

2. እህቴ ቴጁ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ለነርስነት ፈተና ስታጠና ጭንቀት ይዟት እንቅልፍ እምቢ አላት። አባታችን የሞተ ጊዜ እናታችንን ያረጋጋት ይኸው ሥር በትኩስ ወተት ነው፣ ምንም አልሆነችም። ስለዚህ ባንሲላል ለሠራተኛ ካደለው አንድ ፓኬት ወስጄ በወተት እያፈላሁ አጠጣኋት። ቅጠል እንዳለበት አውቃለሁ፣ ቅጠል ምን ያደርጋል ብዬ ነው። መጀመሪያ ደህና ተኛች፣ ደስ አለን። በኋላ «ሰውነቴን አሳከከኝ፣ ምግብ አስጠላኝ» ስትል ጭንቀቱ ነው ብዬ አንድ የነበረውን ሁለት ሁለት ማንኪያ አደረግኩላት። እኔ ነኝ ያደረግኩት።

3. አሁን ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጉበቷ ነው አሉ። ለሐኪሙ ቅጠል አለበት ብዬ ብነግረው ፓኬቱን አገላበጠና «ሥር ብቻ ይላል እኮ፣ ማኅተምም አለው። ሥሩም ቢሆን ለአንዳንድ ሰው ጉበት አይስማማም። ምን እንደጠጣች ሳይመረመር በግምት ምን ልበልሽ?» አለኝ። ባንሲላል ጋ ሮጥኩ። «ያጠጣት ማነው? አንቺ። ታዲያ የሚታሰረው ማነው?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

4. የዱቄቱ ጆንያዎች ረቡዕ ለገበያ ይጫናሉ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይገኝም፣ ስንት ሰው እንደሚጠጣውም እንጃ። እባክዎ ከዚያ በፊት ሰው ይላኩልኝ። የተረፈውን ዱቄት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፣ ውጤቱን ለሐኪሙ ያሳውቁልኝ። መታሰር ካለብኝ ልታሰር፣ ግን መጀመሪያ ይመርመር።

ጌታዬ፣ ቴጁ ስለ ቅጠሉ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት እጄን ይዛ «እቴትዬ ፈራሁ፣ ያቺን ወተትሽን አፍልተሽ አምጪልኝ፣ እሷ ናት የምታረጋጋኝ» አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ። እስካሁን አልተመለስኩም።

ከሰላምታ ጋር፣
መልስዎን ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ
ሱግና ባይ ዳንጊ
(ፊርማ)