ወንድሜን የረታሁበት ክርክር

ሰኞ፣ ሰኔ 9

"ያበላሻል" የሚለው ወገን እኔ ላይ ወደቀ! ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል። ረቡዕ ከሰዓት የሙዚቃ ሰዓታችን ይቀርና በምትኩ ክርክር ይካሄዳል። ርዕሱን ያወጡት ዳይሬክተራችን ጓድ ወርቁ ራሳቸው ናቸው፤ "የውጭ ዘፈን፣ ፊልምና ፋሽን ወጣቱን ያበላሻል ወይስ አያበላሽም?" ከሥሩ በቅንፍ "የባህል ወረራ" ብለው ጽፈውበታል። ቅንፉን ያየ ሰው "አያበላሽም" ብሎ ለሚከራከረው ከወዲሁ ያዝንለታል።

ያ የሚታዘንለት ሰው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኑሪ! የገዛ ወንድሜ! የአሥራ አንደኛ ክፍል ተወካይ እሱ፣ የአሥረኛ ክፍል ተወካይ እኔ። በር ሲገባ አፍሮው ቀድሞት የሚገባው፣ የሱሪው እግር ቀሚስ የሚያህለው ኑሪ። ዕጣው ሲነበብ ተማሪው ሁሉ በሳቅ አለቀ። እሱም ሳቀ። "ዘይነባ፣ በገዛ ወንድምሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው?" አለኝ።

እኔ በእውነት የማስበውን ልጻፍ፣ እዚህ ማን ያየኛል። አላውቅም። የህንድ ፊልም ሳላለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ከዚያ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን እንደ ተዋናይቷ እሰብቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ የካራቴ ፊልም ባየ ማግስት ከግንብ ላይ ዘሎ እጁን ሰበረ። ግን ኑሪ ያቺን አሮጌ ጊታር ይዞ ሲቀመጥ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ልጅ በቀበና የለም። ታዲያ ይህ መበላሸት ነው? ወይስ መሠራት?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዝናብ። ቀበና ሞልቷል፣ ድልድዩ ጋ ሰው ቆሞ ውኃ ያያል።

አባባ ከአሰብ ተመለሱ። የጭነት መኪናቸው በር ላይ ስትቆም ቤታችን ይጨልማል፣ በዚያ ነው መምጣታቸውን የምናውቀው። ክርክሩን ስነግራቸው ደስ አላቸው። "በደንብ አድርገሽ ንገሪልኝ። ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው ልጄን የበግ ለምድ ጭንቅላቱ ላይ ያስጫነው" አሉ።

"አባባ፣ እርስዎስ መኪና ውስጥ የሱዳን ዘፈን አይደል የሚሰሙት? ቋንቋውን ያውቁታል?"

"የሱዳኑ ሌላ ነው።"

"እንዴት ሌላ?"

"እሱ ዘፈን አይደለም፣ ድካም ማውጫ ነው" ብለው ወደ ሻያቸው ዞሩ። እማ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ! "ቋንቋውን ያውቁታል?" የምትለው ጥያቄ። ነገ ትጠቅመኛለች። ለኑሪ አልነገርኩትም። እሱ ከመጋረጃው ማዶ ንግግሩን ይለማመዳል፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ጆሮዬን እደፍናለሁ። መስማት ነውር ነው፤ ትንሽ ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

አሸነፍኩ!!

ከመጀመሪያው። አዳራሹ ሞልቶ መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። ጓድ ወርቁ ከፊት፣ እጃቸውን አጣጥፈው። ኑሪ ቀደመ። ጥሩ ተናገረ፣ ልዋሽ አልችልም። ዘፈን ድንበር የለውም፣ ጊታር የማንም አይደለም፣ የእንግሊዝኛ ውጤቴ ያደገው በዘፈን ነው አለ። በጣም ተጨበጨበለት።

ተራዬ ደረሰ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት ትቼ፣ የቴፕ ሪኮርደሩ ኃላፊ የሆነችውን ጓደኛዬን አልማዝን "ያንን ሁላችን የምንወደውን የእንግሊዝኛ ዲስኮ ክፈቺው" አልኳት። ከፈተችው። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አብሮ ዘፈነ፣ ኑሪማ ትከሻውን እየነቀነቀ። መሃል ላይ አስዘጋኋትና፣

"አሁን የዘፈናችሁት ምን ማለት ነው? የሚያውቅ እጁን ያውጣ" አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም።

"ኑሪ፣ አንተ በዘፈን እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ ብለሃል። እስኪ ተርጉምልን።"

ኑሪ ቆመ። "አንቺ... እ... ልጅት... መንገድ..." አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ከመስኮት ሊወድቅ ነበር። "የማናውቀውን በአፋችን ተሸክመን እንዞራለን፤ ሰውዬው እየሰደበንስ ቢሆን?" ብዬ ተቀመጥኩ። ጓድ ወርቁ ሳይቀሩ ሳቁ፣ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ኑሪ ወደ ቤት ብቻውን ሄደ። እራት ላይ አባባ ወሬውን ከጎረቤት ሰምተው ኖሮ፣ "እንግዲህ እህትህ አሸንፋለች፤ ያ ፀጉር እሑድ ይቆረጣል" አሉ። ኑሪ ቀና ብሎ አየኝ። ምነው የሆነ ነገር ባለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ጓድ ወርቁ ወጥተው፣ "ትናንት ተማሪዋ በሚገባ እንዳስረዳችው" ብለው ጀመሩ። ተማሪዋ እኔ ነኝ። የረቡዕ የሙዚቃ ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ቴፑም ቢሯቸው ይቆለፍበታል።

ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ብዬ ጠይቄ ነበር? ክርክር እኮ ነው! ዕጣ እኮ ነው!

በዕረፍት ሰዓት አጠገቤ የቆመ የለም። አልማዝ እንኳ፣ እነሱ ሱቅ ክርና ጨርቅ ስታሻሽጥ ውላ በሳምንት አንዴ የምትደሰትበት ያ ቴፕ ነበር፤ እያለፈችኝ "እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቤት ስመጣ ኑሪ ጊታሩን ከግድግዳው አውርዶ አልጋ ሥር ከቶታል። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

የሚገርመው፣ ከክርክሩ በፊት አላውቅም ያልኩትን ዛሬ ያወቅኩ መሰለኝ። ያልኩት ነገር እውነት ነው፣ ሳናውቅ እንዘፍናለን። ግን መልሱ ዝም ማለት አይደለም። የሕፃን አፍ መኮላተፍ ሲጀምር ማን ይዘጋዋል? ይህን ነበር መጨመር የነበረብኝ። አሁን ማን ይሰማኛል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ጓድ ወርቁ ቢሮ ገባሁ። ብቻዬን! ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

"ያሸነፍሽውን ክርክር ልትሽሪ ነው የመጣሽው?" አሉ መነጽራቸውን አውልቀው።

"አይ፣ ልጨርሰው ነው ጓድ ዳይሬክተር። አንዱን ግማሽ ብቻ ነው የተናገርኩት።"

"ሌላው ግማሽ ምንድን ነው?"

"ከሌላ ሰው ሰምተን ነው ሁላችንም የምንጀምረው። ከዚያ የራሳችንን እናወጣለን።"

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ "የታለ ታዲያ የራሳችሁ? ስታወጡ አላየሁም። ካላችሁ አሳዩኝና እንነጋገራለን" አሉ። ተናደው አልነበረም። የእውነታቸውን ነበር የጠየቁኝ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ማታ ግን! መጋረጃው ማዶ ጊታሩ ተመልሷል፣ በጣም በቀስታ። ኑሪ እያንጎራጎረ ነው፣ ሪትሙ ያው ዲስኮው ነው፣ ቃሉ ግን አማርኛ! ትንፋሼን ውጬ ሰማሁ። አንድ ቦታ ደርሶ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆማል። በመጨረሻ፣ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣

"ዘይኔ፣ ተኝተሻል?"

"አልተኛሁም።"

"ከ'የካ' ጋር ምን ይገጥማል?"

አሰብኩ። "ሲነካ።"

ከዚያ ጊታሩ፣

"ቀበና ሞልቶ ድልድዩን ሲነካ፣
አንቺ ወዲያ ማዶ፣ እኔ እዚህ የካ..."

"ሌላውስ?" አልኩ መጋረጃውን ገልጬ።

"ሱሪዬ ሰፊ ነው፣ ጭቃ ይጠርጋል፤
አንቺ ጋ ለመምጣት ምን ያስፈልጋል?"

ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። "ሁላችንንም መሳቂያ አድርገሽ፣ የማታውቁትን ትሸከማላችሁ አልሽን። እኔም የማውቀውን ልሸከም ብዬ ነው" አለ። "ቀበናንና ጭቃን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።" ታረቅን መሰለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልተነሳም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

እጄ አብጦ ብዕር አልይዝ ይላል፣ ግን ዛሬን ሳልጽፍ አላድርም።

ትምህርት ቤቱ ሁሉ ለችግኝ ተከላ እንጦጦ ወጣ። ከኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ በተመነጠረበት ቦታ። ዶማ፣ ባልዲ፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ጓድ ወርቁ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከፊት ይቆፍራሉ። የሚያናግረኝ እስካሁን ኑሪ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉም ደክሞት ዶማው ሁሉ ቆመ።

ያኔ ኑሪን "በል አሁን" አልኩት።

"እዚህ? ጊታር የለ፣ ምን የለ።"

ባልዲውን ገልብጬ መምታት ጀመርኩ። መምታት አልችልበትም፣ አልማዝ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ወዲያ በይ፣ ባልዲውንም አበላሸሽው" ብላ ነጠቀችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። እሷ ስትመታው ሌላ ሆነ። ኑሪ ጀመረ። "ድልድዩን ሲነካ" ላይ ሰው ዞረ። "ጭቃ ይጠርጋል" ሲል የራሱ ሱሪ በእውነት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፣ አንዱን እግሩን አንሥቶ አሳየ። ዳገቱ በሳቅ አለቀ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም ተቀበለ፣ ማንም ትርጉም የሚጠይቅ አልነበረም። ዶማው በሪትሙ ይነሣል፣ በሪትሙ ይወርዳል። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው አጨበጨቡ፣ አንዷ እልል አለች።

ጓድ ወርቁን አየኋቸው። ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው አይስቅም። ቀኝ እግራቸው ግን ጭቃው ውስጥ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል!

ስንወርድ አጠገቤ መጥተው፣ "ሌላው ግማሽ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"ይሄ ነው ጓድ ዳይሬክተር።"

"እህ" አሉ። "እህ" ምን ማለት ነው?

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ትናንት አልጻፍኩም፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ተኝቼ ዋልኩ። አባባም መኪናቸው ተበላሽታ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ስላልወጡ የእሑዱ ፀጉር ቆረጣ ሳይነሣ አለፈ። ኑሪ ቀኑን ሙሉ በጣታቸው ጫፍ እንደሚሄዱ ሰዎች ነበር የሚራመደው።

ዛሬ "እህ" ምን ማለት እንደሆነ ታወቀ። የሙዚቃ ሰዓት ተመልሷል! ግን በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ ራሱ የሠራው ዘፈን መቅረብ አለበት፣ የውጭ ዘፈን የሚከፈት ከሆነም ትርጉሙ ቀድሞ ይነገራል። ተርጓሚ ማን ሆነ? "ጥያቄውን ያመጣችው ተማሪ።" ሜዳው አጨበጨበልኝ፣ አልማዝ በክርኗ ጎሸመችኝ። መዝገበ ቃላት ከየት እንደማመጣ እንጃ። ከዘፈኖቹ ግማሾቹ እኮ "ልጄ፣ ልጄ፣ ነይ፣ ነይ" ብቻ ናቸው፤ ይሄ ሲተረጎም ማን ይሰማዋል?

ማታ ላይ አባባ አሁንም መኪናቸው ሥር ነበሩ፣ ፍሬኑን እየሠሩ፣ ኑሪ መፍቻ እያቀበለ። እኔ ፋኖስ ይዤ ቆሜያለሁ። ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ሲንጎራጎር ሰማሁ። ጆሮዬን አላመንኩም። "አንቺ ጋ ለመምጣት ምን ያስፈልጋል..."

"አባባ፣ ይቺን ከየት ሰሟት?"

"ኧረ ሰፈሩ ሁሉ እሷን አይደል የሚለው። ቀላል ናት፣ ድካም ታወጣለች። የማን ናት? ዜማዋ የሱዳን ትመስላለች።"

ኑሪን አየሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ እንዳልናገር ከንፈሬን ነከስኩ፣ የእሱ ነው መናገሩ።

"የኔ ናት አባባ" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ከመኪናው ሥር ብረት ከብረት ጋር ትንሽ ተጋጨ። ከዚያ ዘይት የነካው እጅ ወጣ።

"ያችን ትልቋን መፍቻ አምጣ።"

ኑሪ ሰጣቸው።

"መጀመሪያዋን አላውቃትም። እስኪ ከላይ ጀምረህ በላት።"

ኑሪ ከላይ ጀምሮ አላት። አባባ ከሥር ተቀበሉ፣ ግማሹን እያሳሳቱ። ስለ ፀጉሩ ማንም አላነሣም። ዛሬ ማለቴ ነው።